ቻርጀርህን ይዘህ ና

ወገኖቼ፣ ዛሬ አማቴ ሊሆኑ በሚችሉ ሰው ሳሎን ውስጥ የሠራሁትን ጉድ ብትሰሙ፣ ከነገ ጀምሮ መንገድ ላይ ስታገኙኝ ፊታችሁን ነው የምታዞሩት!

አልፈርድባችሁም። እኔም ከገባሁ ጀምሮ መስታወት እየሸሸሁ ነው።

«ሊሆኑ በሚችሉ» ነው ያልኩት። ልብ በሉ። ገና አልሆኑም።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ በአፌ አላወራም። ስወለድ ባጋጠመኝ ችግር የተነሳ እጄም፣ እግሬም፣ ምላሴም እንደ ልቤ አይታዘዙኝም። ጭንቅላቴ ግን ደህና ነው (ወንድሜ ያሬድ በዚህ አይስማማም)። የማወራው በታብሌት ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ታብሌቱ ይናገራል። በቃ ይኸው ነው።

ስክሪኑ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ አስለጥፌበታለሁ፤ ጣቴ ስትንቀጠቀጥ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እንዳትንሸራተት። የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ፍጥነቴን ለመገመት ያህል፣ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ስጨርስ አንዳንዴ ሰዉ ምሳ ወጥቷል።

የታብሌቱ ድምፅ ደግሞ የዜና አንባቢ ነው! ከረባት ያሰረ ድምፅ። ቤት ውስጥ «ጋዜጠኛው» ነው የምንለው። «ሽንኩርት አልቋል» ስል እንኳን የአገር ጉዳይ ይመስላል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ጋዜጠኛው ሲናገር ነጠላዋን ታስተካክል ነበር።

ቶሎ ለማውራት አንድ ዘዴ አለኝ። ብዙ ጊዜ የምላቸውን ነገሮች አስቀድሜ ጽፌ በቁልፍ በቁልፍ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱን ቁልፍ ስነካ ጋዜጠኛው ሙሉውን ይለዋል። ቁልፎቹ በገጽ በገጽ ተከፋፍለዋል። የቤት ገጽ አለ። የባጃጅ ገጽ አለ። የቸርች ገጽ አለ፤ እሱ ላይ «አሜን» ብቻውን ግማሽ ስክሪን ይይዛል፣ ምክንያቱም ጉባኤው ሁሉ ብሎ ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን «አሜን» ያልኩበት እሑድ አለ። አታስታውሱኝ።

እና የሱቅ ገጽ አለ።

ገበያ አጠገብ የሞባይል ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከቨር፣ ኢርፎን፣ ስክሪን ፕሮቴክተር፣ ቻርጀር። አዎ፣ ቻርጀር ነው የምሸጠው። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ትስቁብኛላችሁ።

አሁን ወደ ምሕረት።

ምሕረትን ያገኘኋት ጉዱማሌ አደባባይ ነው፣ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል። ሕዝቡ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ጓደኞቿ ጆሮዋ ላይ ተለጥፈው ይጮኻሉ፣ እሷ «ምን? ምን?» ትላለች። እኔ ታብሌቴን ገልብጬ አሳየኋት። «ውሃ ልግዛልሽ?» ይላል። አነበበችና ሳቀች። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንደ ልባቸው ያወሩ ሰዎች ቢኖሩ እኔና እሷ ነን።

ከዚያ ወዲህ አውርተን አልጠገብንም። ልንጋባ ቆርጠናል። የቀሩት አባቷ ናቸው።

ጋሽ ሀሜሶ!

ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ቡሹሎ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሲፈትኑ፣ ሲያርሙና ኩረጃ ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩአቸው ሳያውቁት እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ ይባላል።

ባለፈው ወር እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክን። የመራው ያሬድ ነው። ያሬድ ታላቄ ነው፣ ንግግር ያውቅበታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የኔ አፍ እሱ ነበር። ትምህርት ቤት «ምን እያለ ነው?» ሲባል የሚመልሰው እሱ፣ ክሊኒክ ስሄድ የት እንዳመመኝ የሚናገረው እሱ። ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን ይገምታል። አንዴ ራሴን አሞኝ ጥርሴን ሊያስነቅለኝ ምንም አልቀረውም!

ጋሽ ሀሜሶ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰሙ፣ ጋበዙ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ልጁ በራሱ ይናገራል እያላችሁኝ ነው። እንግዲያው እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

በወጋችን ጠያቂው ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም። ያሬድ ተናዶ መጣ። «ንቀት ነው!» አለ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። «እሱ ራሱ ይንገረኝ» ያለ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም።

እሄዳለሁ አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። አዲስ ገጽ ከፍቼ «አማች» ብዬ ሰየምኩት። ሊጠይቁኝ ይችላሉ ያልኩትን ሁሉ አስቤ መልስ መልሱን ጻፍኩ። ምን ትሠራለህ? ቁልፍ። የማን ልጅ ነህ? ቁልፍ። ልጄን እንዴት ልታኖራት ነው? ረጅም ቁልፍ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ያለበት። በሲዳሙ አፎ፣ በእሳቸው ቋንቋ፣ ሰላምታ ሁሉ ጻፍኩ። ጋዜጠኛው የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው፣ ሲዳሙ አፎ ሲያነብ አንጀት ይበላል፤ ግን ሙከራዬ ይቆጠርልኛል ብዬ ነው።

ምሕረት ገጹን አይታ አልወደደችውም።

«አባዬ የተሸመደደ ነገር አይወድም» አለችኝ። «ዝም ብለህ አውራ።»

«ስጽፍ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል» አልኳት።

«ይውሰዳቸው! ሲነቁ ትቀጥላለህ።»

አልሰማኋትም። አንዳንድ ሰው ምክር የሚሰማው በጥፊ ነው።

አንድ ነገር ግን ተስማማን። እሳቸው ፊት ምሕረት ስለ እኔ አንዲት ቃል አትናገርም። የእጄን ምልክቶች ሁሉ ታውቃለች፣ ዓይኔን አይታ ነገር ትጨርሳለች። ዛሬ ግን አስተርጓሚ የለም፣ ምንም ቢፈጠር። ይህንን የለመንኳት እኔ ነኝ። ጀግናው!

ዛሬ ጠዋት እኛ ሰፈር፣ ታቦር፣ መብራት የለም። ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ጋዜጠኛውን ሳለማምደው ስላመሸሁ ባትሪው ቀንሷል። ችግር የለም፣ ፓወር ባንክ አለን። ያሬድ ሱቄ ካሉት ውስጥ ትልቁን፣ ጡብ የሚያክለውን መርጦ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«እኔ ጋ ነው፣ አታስብ» አለ።

አላሰብኩም።

ባጃጅ ይዘን ቁልቁል ወረድን። ያሬድ መንገዱን ሙሉ ይመክረኛል። «ከተጨነቅክ ዝም በል፣ እኔ እሞላልሃለሁ።» እኔ ደግሞ «እንዳትሞላ» ብዬ ጻፍኩ። ጋዜጠኛው ሲናገር የባጃጁ ሾፌር ሬዲዮውን ለመቀነስ እጁን ሰደደ። ሬዲዮው የተዘጋ ነበር።

ደረስን። ጋሽ ሀሜሶ ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሳሎኑን አሰማምረውታል። ግድግዳው ላይ የተማሪዎች ፎቶ በሽ ነው፣ ሁሉም ፈተና ላይ ያሉ ይመስላሉ። ምሕረት እንደ ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ግቢው ውስጥ አንድ በግ ታስሯል። በጉንም ያዙልኝ።

ሰላምታ ተጀመረ። የኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጤና እንዴት ነው፣ ደህና ነህ ወይ፣ ኧረ ደህና ነህ ወይ። ለዚህ ሁሉ አንድ ቁልፍ ይበቃኛል። «ጌታ ይመስገን።» ነካሁ። ነካሁ። ደግሜ ነካሁ። ከሰው እኩል ሰላምታ ጨረስኩ! ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ልቤ አበጠ። የሲዳሙ አፎዋን ሰላምታ ለቀቅኳት።

በጉ ጮኸ።

ጋሽ ሀሜሶ ቅንድባቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ እትዬ አስቴር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሳቅ ነው። ሳቅ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ አለፍኩት።

«እሺ ልጄ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?»

ቁልፍ! ጋዜጠኛው ጀመረ። «በከተማችን በሞባይል ዕቃዎች ንግድ ዘርፍ ተሰማርቼ የምገኝ ሲሆን...»

«ቤተሰቦችህስ?»

ቁልፍ!

«ልጄን እንዴት ልታኖራት አስበሃል?»

ረጅሙ ቁልፍ! ከነጥቅሱ! ያሬድ በኩራት ደረቱን ነፋ። እኔ በሐሳቤ ድንኳን ተክዬ፣ ሙዚቃ መርጬ፣ ኬክ እየቆረስኩ ነው።

ጋሽ ሀሜሶ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነው የጻፈልህ?»

የያሬድ ደረት ተነፈሰ።

«ይሄ የተጠና መልስ ነው» አሉ። «እኔ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ያንተ መልስ ይጀምራል። እኔ የኖርኩት ይሄን ስይዝ ነው።» ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ያሬድ ዞረ።

ኩረጃ! አማቴ በኩረጃ ያዙኝ! የራሴን ትዳር፣ የራሴን ልብ ኮረጅክ ተባልኩ!

«እኔው ነኝ የጻፍኩት» ማለት ነበረብኝ። ለዚህ ቁልፍ የለኝም። ማን ያስባል? ከገጹ ወጥቼ ባዶ ቦታ ላይ ልጽፍ ጣቴን ላክኋት። ጣቴ ደግሞ ስደነግጥ የራሷ መንግሥት አላት። ፕላስቲኩም አላስጣለኝም። የገጽ መቀየሪያውን ነካችው።

የሱቅ ገጽ ተከፈተ።

እኔ አላየሁም። ዓይኔ ጋሽ ሀሜሶ ላይ ነው። እሳቸው በቁጣም በሐዘንም መሃል ሆነው እየተናገሩ ነው። «እኔ ልጄን አስተምሬ፣ በሥርዓት አሳድጌ...»

ጋዜጠኛው፣ በሙሉ ድምፁ፦ «ኦሪጅናል ነው። ቻይና አይደለም።»

ወገኖቼ።

ላስቆመው ስል ሌላ ነካሁ። «ይሄ የመጨረሻ ዋጋ ነው።»

እግዚኦ በሉ!

ድምፁን ልቀንስ ስል ደግሞ ሌላ። «ካልተስማማዎት በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል። ካርቶኑን እንዳይጥሉት።»

በጉ ጮኸ። እትዬ አስቴር ተነሥተው ወደ ጓዳ ሮጡ፣ የሳቃቸው ድምፅ ግን ሳሎን ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ሳቅ ፈነዳ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ላገባው የመጣሁት ሳቅ ነው።

ጋሽ ሀሜሶ አልሳቁም።

ያሬድ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ እሱ ማለት የፈለገው...»

«እሱ ማለት የፈለገው።» ይህችን አባባል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻታለሁ። እንዴት እንደምትጠዘጥዝ በአፉ የሚያወራ ሰው አያውቅም። ማለት የፈለግኩትን ማለት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ!

ያሬድ ቀጠለ። እንዴት እንደማከብራት፣ እንዴት ሌት ተቀን ስለ እሷ እንደማስብ። ደግሞ ያምራል ሲናገር! ጋሽ ሀሜሶም ወደ እሱ ዞረው መስማት ጀመሩ። ከዚያ ያሬድ እያወራ እጁን ዘርግቶ ታብሌቱን ከጉልበቴ ላይ አነሳው። «ቆይ፣ ላስተካክልልህ» አለ።

እሱ ዕቃ ያነሳ መስሎታል። ለኔ ግን አፌን በእጁ መያዝ ነው።

ያዝኩት። ጎተተ። ጎተትኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሰው ቤት፣ ሽምግልና ላይ፣ ታብሌት ስንጓተት ይታያችሁ!

ያሬድ ቀድሞ አፈረና ለቀቀው። እኔ ባዶ ገጽ ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጣቴ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል በፊደል።

ጋዜጠኛው አነበበው፦ «ያሬድ፣ ውጪ ጠብቀኝ።»

ታላቅ ወንድሙን ከሽምግልና ያስወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ነውር ነው። ያሬድ አንድ ጊዜ እኔን አየ፣ አንድ ጊዜ ጋሽ ሀሜሶን አየ፣ ጃኬቱን አስተካክሎ ቀስ ብሎ ወጣ።

አንጀቴን በላኝ። በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያመላልሰኝ የነበረ ወንድሜ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሹራቡን አውልቆ እኔን ያለብስ ነበር። ግን እሱ እዚያ ተቀምጦ እያለ እኔን የሚሰማ የለም። አወቅኩት። ጨከንኩ።

ጋሽ ሀሜሶ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ታብሌቱን ትተው እኔን አዩኝ።

«አሁን ያላጠናኸውን ልጠይቅህ» አሉ።

ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ።

«ሰው ክፉ ነው፣ ልጄ። ምሕረት ካንተ ጋር ስትሄድ ይሳለቁባታል፣ ይሰድቧታል። ባል የሆነ ሰው ሚስቱ ስትሰደብ መልስ ይሰጣል። አንተ መልስህን ጽፈህ እስክትጨርስ ሰዳቢው ቤቱ ገብቶ እግሩን ታጥቧል። ያኔ ምን ልታደርግላት ነው?»

ጥያቄው ይህ ነበር ለካ። ሌላው ሁሉ ማሟሟቂያ ነው። ያናድደኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተናደድኩም። ድምፃቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ የፈራ አባት ነው የነበረው። በልጄ ሊስቁ ነው ብሎ የፈራ አባት።

ቁልፍ የለኝም። ቢኖረኝም አልነካውም ነበር።

መልሱ ግን ወዲያው መጣልኝ። «ሰዳቢው ይሄዳል። እኔ ግን እቀራለሁ።» ይኸው ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ አለቀ፣ ተጠናቀቀ። የቀረኝ በአንድ ጣት ማውጣት ነው።

ሰ። ዳ። ቢ። ው።

ጊዜ ይወስዳል። እትዬ አስቴር ከጓዳ ተመልሰው ተቀመጡ። መሃል ላይ «ምስኪን» አሉ፤ ጋሽ ሀሜሶ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። በሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ላይ ሰው ይጨርስልኛል። «ሰዳቢውን ትመታዋለህ?» «ሰዳቢውን ትከሰዋለህ?» «ሰዳቢውን ይቅር ትለዋለህ፣ አይደል? ጎበዝ!» የሰው ልጅ ዝምታ ሲያይ ካልሞላው አያርፍም።

ጋሽ ሀሜሶ አልገመቱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ እያንዳንዷን ፊደል ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ያነባሉ። አንድ ጊዜ ተሳሳትኩና አጠፋሁ። ጠበቁ። ደግሜ ተሳሳትኩ። ጠበቁ።

አራት ነጥብ ሳደርግ ጋዜጠኛው በራሱ ያነባል።

«ሰዳቢው ይሄዳል።»

«እሺ?» አሉ ጋሽ ሀሜሶ። ወንበራቸውን ወደኔ ጠጋ አደረጉት።

እ። ኔ።

ግ። ን።

ስክሪኑ ጨለመ።

ድርግም! የራሴን ፊት አየሁበት። የሚያምር ፊት አልነበረም።

ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ቻርጀር የሆነ ሰው! ለደንበኛ ሁሉ «ባትሪዎን ባዶ አያድርጉት» እያለ የሚመክር ሰው! ለዚህች ምክር እንኳን ቁልፍ አለኝ እኮ!

ፓወር ባንኩ!

ፓወር ባንኩ የት ነው? ያሬድ ኪስ ውስጥ። ያሬድ የት ነው? ውጪ። ማን አስወጣው? እኔ። በክብር፣ በዜና አንባቢ ድምፅ።

ምልክት ጀመርኩ። ወደ በሩ ጠቆምኩ፣ ወደ ታብሌቱ ጠቆምኩ፣ ገመድ የምሰካ አስመሰልኩ። እትዬ አስቴር ወዲያው ገባቸው።

ውሃ አመጡልኝ።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ? ደግሜ በሩን ጠቆምኩ። የተቆረጠ አናናስ መጣ። ጋሽ ሀሜሶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። እስክሪብቶ በኔ እጅ አይቆምም፤ ስትወድቅ አዩና ገባቸው፣ ከወለሉ ላይ ራሳቸው አነሷት።

ዓይኔን ወደ መጋረጃው ወረወርኩ። የምሕረት ግማሽ ፊት ይታያል። ምን እንደፈለግኩ በደንብ ታውቃለች። ለፓወር ባንክ የምንጠቀምበትን ምልክት ያወጣችው ራሷ ናት! የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ቆማለች፣ እንባዋ ይወርዳል፤ ከሳቅ ይሁን ከጭንቀት አላውቅም። አንድ እርምጃ ወደ ሳሎኑ መጣች።

አይሆንም አልኳት በራሴ። ተስማምተናል። የመጣው ይምጣ።

ተመለሰች። እንዲያ ስትመለስ እንዴት እንደወደድኳት ልነግራችሁ አልችልም።

እኔው ራሴ ወጥቼ ያሬድን ላመጣው ክራንቼን ይዤ ተነሳሁ። እትዬ አስቴር እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እህ! ሽንት ቤት ነው ለካ! አፍሮ ነው እኮ!»

ክንዴን ደግፈው በጓዳ በር ወሰዱኝ። ሽንት ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ያሬድ ከፊት ነው። እሳቸው በፍቅር በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ገባሁ። ለጨዋነት ያህል ትንሽ ቆምኩ። የበሩን እንጨት እያየሁ ሕይወቴን ገመገምኩ። ወጣሁ። በጉ በአጠገቡ ሳልፍ አየኝ፣ ምንም አላለም።

ስመለስ እትዬ አስቴር ለሌላ ግምት ተዘጋጅተው ነበር።

«አስቴር፣ ተዪው» አሉ ጋሽ ሀሜሶ። «አትገምቺበት።»

ከዚያ ጥቁሩን ስክሪን ትክ ብለው አዩት።

«"እኔ ግን" ላይ ነው የቆምከው» አሉኝ። «አይደል?»

ነው አልኳቸው በራሴ።

ብዙ ዝም አሉ። ይሄኔ ያሬድ ቢኖር ይሞላው ነበር። ማንም አልሞላውም።

ብድግ አሉና ክራንቼን አቀበሉኝ። በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ በኔ እርምጃ እየተራመዱ። በሩ ላይ እጄን ጨበጡ።

«ቅዳሜ ና» አሉ። «የቀረውን ጨርስልኝ።»

ልወጣ ስል ደግሞ ጨመሩ።

«ቻርጀርህን ይዘህ ና። እኛ ጋ መብራት አለ።»

መብራት ነበረ! ከጎኔ ግድግዳው ላይ ሶኬት ነበረ! ከሱቄ አንዲት ቻርጀር ብይዝ ኖሮ!

ያሬድ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፓወር ባንኩን በሁለት እጁ ይዞታል፣ ገመዱ ተዘርግቶ ለመሰካት ዝግጁ።

«ትፈልገው ይሆን ብዬ ነበር» አለ። «ግን ውጪ ጠብቀኝ አልከኝ።»

ጠበቀ! በሕይወቱ ጠብቆ የማያውቅ ሰው፣ መርጦ መርጦ ዛሬ ጠበቀ!

ባጃጅ ውስጥ ታብሌቱን ሰካን። ያሬድ «ምን አሉ? እምቢ አሉ? እሺ አሉ? ተቆ...» ብሎ ጀመረና አፉን በመዳፉ ያዘ። ስክሪኑ እስኪበራ፣ እኔም ጽፌ እስክጨርስ፣ እስከ ታቦር ዳገት አፉን ይዞ ተቀመጠ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያሬድን!

«ይቅርታ። ግን ሌላም ቀን አስወጣሃለሁ» አለው ጋዜጠኛው።

ያሬድ ሳቀ። ከዚያ አፍንጫውን ጠራረገና ውጪ ውጪውን ማየት ጀመረ። እኔም አላየሁትም መስዬ ሌላውን ጎን አየሁ።

ቤት እንደገባሁ የምሕረት መልእክት መጣ። «ካልተስማማሁህ በሦስት ቀን ነው አይደል የምትመልሰኝ? ካርቶኔን አልጣልኩም።»

ይቺን ሴት ካላገባሁ ሰው አይደለሁም።

እንግዲህ ውርደቴ ይኸው ነው። ትምህርቱ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ወንድማችሁን ከማስወጣታችሁ በፊት ኪሱን ፈትሹ! ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ቻርጀር ይያዝ! ሚስት ልትሆናችሁ ያለች ሴት «ዝም ብለህ አውራ» ስትል ስሟት!

ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሰው ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ ንግግሬን ሲጨርስልኝ ኖሯል። ራስህ ጨርስ ብሎ ቀን የቀጠረልኝ ሰው ያገኘሁት ዛሬ ነው።

የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት። «እቀራለሁ።» ለአንዲት ቃል ብዬ ቅዳሜ ቻርጀር፣ መጠባበቂያ ቻርጀር፣ ኤክስቴንሽንና ያንን ጡብ ተሸክሜ ቡሹሎ እወርዳለሁ። ቁልፍ ላይ አላስቀምጣትም። እዚያው፣ እሳቸው እያነበቡ፣ በአንድ ጣት ነው የምጽፋት። ያሬድም ይመጣል፤ ውጪ ይጠብቃል። ፓወር ባንኩ ግን እኔ ኪስ ነው!

የሱቅ ገጹን አጥፍቼዋለሁ። እሺ፣ ደብቄዋለሁ። ነገ ሱቅ አለ።

እና እናንተ ያገባችሁ፣ ልጅ የዳራችሁ፣ ሽማግሌ የሆናችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ። ያሬድ «እሺ ማለታቸው ነው» ይላል፣ እናቴ «ገና ፈተና ነው» ትላለች። እኔ ቻርጀሩን ሰክቼ ቁጭ ብያለሁ።

«ቻርጀርህን ይዘህ ና» የሚል አባት ልጁን ሊሰጥ ነው አይደል? አይደል?